ጡረታ፣ ኮስት ሼሪንግ፣ ጋቢ፦ የካምፓስ ልጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም የካምፓስ ልጆች፣ ታላላቆችም ታናናሾችም። የጥያቄው ብዛት እኔንም አስገርሞኛል፣ ግማሹ ደግሞ ስለ ጡረታ ነው፣ ለካ አርጅተናል። ለማንኛውም ያጠራቀምኩትን ልወርውር።

"በ79 ከስድስት ኪሎ ተመርቄ እስካሁን መንግስት መስሪያ ቤት ነኝ፣ 60 ልሞላ ወራት ቀርተውኛል። ጡረታዬ ስንት እንደሚሆን የሰው ሃይልን ብጠይቅ 'ሲደርስ ያዩታል' አሉኝ።"

ኧረ ጋሼ፣ ሲደርስማ ምን ያደርጋል! ስሌቱ እኮ ቀላል ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሶስት ዓመታት ደሞዝ አማካይ ያወጣሉ፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 ፐርሰንት፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨምራሉ፣ ጣሪያው 70 ነው። እርስዎ 38 ዓመት ካገለገሉ 28 በ1.25 ሲባዛ 35፣ ከ30ው ጋር 65 ፐርሰንት መጣ። አማካዩ 14,000 ብር ቢሆን በወር 9,100 ብር ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ መሰልዎት፣ ያሁኑን ደሞዝ ይዞ 65 ፐርሰንት ይመታና ቤቱን በዛ ያቅዳል፣ ከዛ የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ ይደነግጣል፤ ጭማሪው ቅርብ ጊዜ ከሆነ እኮ የድሮው ትንሹ ደሞዝም አማካዩ ውስጥ አለበት። ሌላው ማህደርዎን ዛሬውኑ አስወጥተው ይዩት፣ የቅጥር ደብዳቤው አለ ወይ፣ መስሪያ ቤት ሲቀያይሩ መሃል ላይ የጠፋ ዓመት የለም ወይ። ዕድሜ ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ ያኔ ሁለት ዓመት ጨምረው የፃፉ (ብዙዎቻችን እንደዛ ነን) አሁን ሊከራከሩ ባይሄዱ ይሻላል።

"ዲሲ አካባቢ ነው ያለሁት፣ ፓርኪንግ ስሰራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ደከመኝ፣ አገሬ ልግባ ነው የምለው። በፊት አገር ቤት 8 ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ሁለቱን ደምረው ጡረታ ይሰጡኛል?"

አይደመርም ወንድሜ። አሜሪካ ከአንዳንድ አገሮች ጋር የስራ ዘመን የሚያደምር ስምምነት አላት፣ ከኢትዮጵያ ጋር ግን የለም። የአሜሪካው ጡረታ (ሶሻል ሴኩሪቲ) 40 የስራ ክሬዲት ይፈልጋል፣ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፣ ስለዚህ 10 ዓመት ነው፤ አንተ 36 ላይ ቆመህ ሻንጣ እያሰርክ ነው ማለት ነው። የአገር ቤቱም ለቋሚ ጡረታ 10 ዓመት ስለሚል 8ቷ ብቻዋን አትበቃም። ደክሞሃል ይገባኛል፣ የሌሊት ሺፍት ሰው ይገድላል፣ ግን ይቺን አንድ ዓመት ጥርስህን ነክሰህ ጨርሳት። ክሬዲቱ ከሞላ ደግሞ ዜግነት የወሰደ ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ገንዘቡን ያገኛል፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ የአረጋውያን ጤና መድን) ግን አዲስ አበባ ውስጥ አይሰራልህም፣ ህክምናህን ለብቻ አስብበት። ፓስፖርት ከቀየርክ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጣ፣ ያለ ቪዛና ያለ ስራ ፈቃድ ትኖራለህ፣ ምርጫ ላይ መምረጥ ግን አትችልም።

"በ2000 ነው የተመረቅኩት፣ እስካሁን በቴምፖ (በጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት) ነው የምኖረው። አሁን ውጭ ሆኜ ማስተርስ ልቀጥል ስል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተባልኩ። ከየት ልጀምር?"

ከኮስት ሼሪንግ (ከትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳው) እህቴ። ከ1996 በፊት የጨረሱት ተገላገሉ፣ ያኔ ነው የተጀመረው፤ የምግቡ፣ የዶርሙና ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ፐርሰንት ያንቺ ዕዳ ነው፣ ኮንትራቱን ፍሬሽማን ሆነሽ ሳታነቢው ፈርመሻል ልክ እንደ ሁላችንም። አገር ቤት የሚሰራ ሰው ከደሞዙ ይቆረጥበታል፣ አንቺ ግን ውጭ ስለሆንሽ ከፍለሽ ክሊራንስ (ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት) ማግኘት ነው ያለብሽ። እዛው ኤምባሲ ሄደሽ ለእህትሽ ወይ ለወንድምሽ ውክልና ላኪ፣ "ትራንስክሪፕትና ዲግሪ ማስወጣት" የሚለው ቃል በግልፅ ይፃፍበት፣ አጠቃላይ ውክልና ብለሽ ከላክሽ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ይመልሱታል፣ የኔ ወንድም ሁለቴ ተመልሷል። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ታሽጎ በቀጥታ ነው የሚላከው፣ እጅሽ ከገባና ፖስታው ከተከፈተ ዋጋ የለውም።

"ከልጄ ጋር ተወራርደን፣ ግቢያችን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የተከፈተው በ43 ነው በ54?"

ሁለታችሁም ምሳ ጋብዙ። በ1943 አራት ኪሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፣ ኃላፊው ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። በ1954 ንጉሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ ስድስት ኪሎ የገባነው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም ከአብዮቱ በኋላ ነው የመጣው።

"ያስተማሩን መምህር ጡረታ ሊወጡ ነው፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ 140 ሰው አለ፣ ጋቢ ይገዛ ተባለ። ሌላ ሃሳብ አለህ?"

ጋቢውን ተዉት፣ እኚህ ሰው ቤት ስንት ጋቢ እንዳለ ባለቤታቸውን ጠይቁ። በነገራችን ላይ የናንተ ግሩፕ የኛን ይመስላል፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ይልና አንድ ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ 200 "ነፍስ ይማር" ይገባል፣ መዋጮው በአንድ ቀን ይሞላል፣ ድንኳኑ ጋ ስንተያይ "ለካ ለልቅሶ ብቻ ነው የምንገናኘው" እንላለን፣ ከዛ ለሚቀጥለው ልቅሶ እንለያያለን። የኛን የስታትስቲክስ መምህር በህይወት እያሉ አልጠየቅናቸውም። ለቅሶ ስንደርስ ልጃቸው አንድ ካርቶን አወጣችልን፣ የሁላችንም የመመረቂያ ፅሁፍ በእጃቸው ታርሞ በየባቹ ተደርድሯል፣ የኔ ላይ በቀይ "ቆንጆ ነው፣ ግን ናሙናህ ትንሽ ነው" ይላል። እኔ ያንን ኮፒ ጠፍቷል ብዬ 20 ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሃሳቤ ይሄ ነው፣ ከ140ው አስር ሰው ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ቢሯቸው ይሂድና መፅሃፋቸውን በማሸግ ያግዝ፣ ቢሮ ማስረከብ ለመምህር ከባድ ስራ ነው፣ ፒክአፕ ያለው ፒክአፑን ያምጣ። ቡናውን ላውንጅ ጠጡ። ካርቶኖቹን ስታሽጉ ደግሞ የራሳችሁን ፅሁፍ ፈልጉ።