መልስ፦ ታላዴጋ ላይ መኪኖቹ ለምን ተጣብቀው ይሮጣሉ?

"ፈጣን መኪና ያለው ለምን ጥሏቸው አይሄድም?" ላልከው፣ ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው።

ታላዴጋ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ያለ የመኪና ውድድር መም ነው፤ አንድ ዙሩ 4.28 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባዎቹ 33 ዲግሪ ያጋደሉ ናቸው፤ ግድግዳ ነው የሚመስሉት። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሳያነሳ ይዞራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ቢል ኤልዮት በማጣሪያው በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። በዚያው ውድድር የቦቢ አሊሰን ጎማ ፈነዳ፣ መኪናው ከመሬት ተነስቶ የተመልካቹን አጥር ቀደደ። ተመልካቾች ተጎዱ። ውድድሩን የሚመራው ድርጅት ናስካርም ፍጥነቱ እንዲቀንስ ከ1988 ጀምሮ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ቀዳዳ ባለው ብረት አፈነው። (ዛሬ ብረቱ ተቀይሯል፣ ሥራው ግን ያው ነው።)

ሞተሩ ሲታፈን የሁሉም ጉልበት ተቀራረበ። ብቻህን ከወጣህ አየሩን የምትገፋው አንተው ነህ። ከኋላ የተጠጋው ግን በተከፈተ መንገድ ይመጣል፤ ለፊተኛውም ፍጥነት ይጨምርለታል። ስለዚህ 30 ምናምን መኪና ጥቅጥቅ ብሎ ይነጉዳል። አንዱ ከተንሸራተተ ደግሞ 20 መኪና አብሮ ሊላተም ይችላል። እነሱ "ትልቁ" ይሉታል። እኔማ እውነቱን ልንገርህ፣ ቁጭ ብዬ የማየው የመጨረሻዎቹን 10 ዙሮች ብቻ ነው።