ሲያትል ዲዛይን ሪቪው ቦርድ ልግባ ወይ ላልሽው፣ አራት ዓመት ካገለገልኩበት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር ግን እንዲሁ በሁለት መስመር ልመልስልሽ አልፈለኩም። ህንፃ ኮሌጅ ጨርሰሽ መጥተሽ ሲያትል ቢሮ መስራት ከጀመርሽ ሶስት ዓመትሽ እንደሆነ፣ የከተማው ዲዛይን ሪቪው ቦርድ (ትልልቅ ህንፃ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ዲዛይኑን የሚያይ ኮሚቴ ነው) ሰው እንደሚፈልግ ማየትሽን ፅፈሻል፣ ከዛ ክፍያ ለሌለው ነገር ማታዬን ልስጥ ወይ፣ ከአሰሪዬ አያጣላኝም ወይ፣ እንግሊዝኛ ስናገር አክሰንቴስ ምን ይባላል ነው ያልሽው። እኔ በፈረንጅ ከ2017 እስከ 2021 ሁለት ተርም ጨርሼ ነው የወጣሁት፣ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ይረዝማል ታገሺኝ።

ለሌሎቻችሁም እንዲገባ፣ ይሄ ፕሮግራም በ1994 የተጀመረ ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከተማው በስምንት አካባቢ ተከፍሎ እያንዳንዱ አካባቢ አምስት አባል ያለው ቦርድ ነበረው፣ አርክቴክት ብቻ አይደለም፣ ከዴቨሎፐሮች (ህንፃ ከሚያስገነቡት) ወገን የሚመጣ አለ፣ የሰፈሩ ነዋሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የላንድስኬፕ ሰው አለ። የሚሾሙት ከንቲባውና ምክር ቤቱ ናቸው፣ ሁለት ዓመት ታገለግያለሽ አንዴ ይታደስልሻል በቃ። ትልልቅ አፓርታማና የንግድ ህንፃ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በኔ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይቀርብ ነበር፣ መጀመሪያ ገና በሃሳብ ደረጃ እያለ ቢያንስ ሶስት የተለያየ የህንፃ ቅርፅ ይዘው ይመጣሉ፣ ከዛ ወራት ቆይተው ማቴሪያሉም መስኮቱም ምኑም ተሰርቶ ይመለሳሉ። አንቺ የምትሰጪው ሪኮመንዴሽን ነው፣ የሚወስነው ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው መስሪያ ቤት ነው፣ ግን ከአምስቱ አራቱ ከተስማማችሁ ዳይሬክተሩ ያለ በቂ ምክንያት ሊጥለው አይችልም፣ ስለዚህ ቀላል አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ ስገባ የህንፃ ኮሌጅን ጁሪ (የተማሪ ስራ የሚተችበትን መድረክ) ልማድ ይዤ ነው የገባሁት። ታውቂው የለ፣ ስታፍ ተደርድሮ ይቀመጥና "ይሄ ፋሳድ (የህንፃው ፊት) አልተመቸኝም" ይልሻል፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ልጅ ቆሞ ይሰማል። እኔም የመጀመሪያ ሚቲንጌ ላይ ስለ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ህንፃ "ከላይ ይከብዳል፣ ደስ አይልም" አልኩ። ስብሰባው ላይ የነበረችው የከተማዋ ፕላነር በጣም በትህትና "የትኛው ጋይድላይን (የዲዛይን መመሪያ) ላይ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እዛ ቤት የምትናገሪው እያንዳንዱ ነገር ከከተማው አስራ አንድ ጋይድላይኖች ከአንዱ ጋር መያያዝ አለበት፣ ደስ አለኝ አላለኝም የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም ሰውየው በገንዘቡ መሬት ገዝቷል፣ ባንክ ወለድ እየቆጠረበት ነው፣ ያንቺ ቴስት ህግ አይደለም። ከዛ ቀን በኋላ ጋይድላይኑን ሙሉውን ፕሪንት አድርጌ በማርከር እየቀባሁ አነበብኩት፣ አንቺም ከማመልከትሽ በፊት አድርጊው።

ስልጣንሽ ደግሞ ከውጪ ሲታይ ከሚመስለው በጣም ያንሳል። ቁመቱን ዞኒንግ፣ ማለትም የት ምን ያህል ይሰራል የሚለው የከተማው ህግ፣ ወስኖታል። ሰው እየመጣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራል፣ ፓርኪንግ የለውም ይላል፣ የቤቴን ቪው ይከልላል ይላል፣ ኪራዩ ስንት ሊሆን ነው ይላል፣ ሶስቱም ያንቺ ጉዳይ አይደለም፣ እንደውም ባቡርና አውቶብስ ቶሎ ቶሎ በሚመጣባቸው ብዙ ሰፈሮች ህጉ ራሱ ፓርኪንግ አያስገድድም። ያንቺ ጉዳይ ህንፃው መሬት ሲነካ ምን ይመስላል የሚለው ነው፣ መግቢያው የት ነው፣ መኪና የሚገባው የት ጋር ነው፣ ቆሻሻው ሲወጣ የት ይቆማል፣ ከጎረቤቱ መስኮት ጋር ፊት ለፊት ተፋጠዋል ወይ። ትንሽ ይመስላል አይደል? በጭራሽ ትንሽ አይደለም።

አንድ ፕሮጀክት ላይ የጋራዡን በር አውቶብስ የሚቆምበት ዋናው መንገድ ላይ አድርገውት መጡ፣ ጥጉ ላይ ያለው የጎን መንገድ ጭር ያለ ሆኖ ሳለ። ምክንያታቸው ቁልቁለቱ ነው፣ በጎን በኩል ራምፑ (መኪና የሚወርድበት ተዳፋት) ይረዝማል ሁለት ሱቅ የሚሆን ቦታ ይበላል ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ፌርማታው ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ዎከር (የመራመጃ መደገፊያ) የሚገፉ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ የሰፈሩ የአረጋውያን ቤት ልክ ማዶ ነው ለካ፣ አርክቴክቱ ያቀረበው የስዕል ጥራዝ፣ ፓኬቱ ላይ የለም! ስንት ገፅ ሬንደሪንግ ውስጥ አንድ ዎከር የሚገፋ ሰው አልተሳለም። ሚቲንጉ ላይ ያንን ነው የተናገርኩት፣ የመኪና መግቢያን የሚመለከተውን ጋይድላይን ጠቅሼ፣ ሌሎቹም ተስማሙ፣ በሁለተኛው ዙር በሩን ወደ ጎን አዙረውት መጡ። ሱቅም አልቀነሰም፣ ራምፑ እንዲታጠፍ አደረጉት፣ አርክቴክቱ ጎበዝ ነበር መገፋት ብቻ ነው የፈለገው። አሁን በዛ ሳልፍ ማንም ሰው ያንን በር አያየውም፣ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ከባዱን ደግሞ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የሚፈርስ ቤት ውስጥ የኛ ሰው ሱቅ ነበር፣ እንጀራና ቅመም የሚሸጡ እናት። መጡ። በአማርኛ ተናገሩ፣ ልጃቸው ተረጎመችላቸው፣ "እዚህ ሰፈር ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፣ የት ልሂድ?" ነው ያሉት። እኔ ትርጉሙ ሳይመጣ ነው የሰማሁት። ቦርዱ ስለዛ ማለት የሚችለው ነገር የለም፣ መፈናቀል ከጋይድላይኑ ውስጥ የለም። ይባስ ብሎ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው እማማ አይዞዎት ብዬ ቁጭ ብዬ ላወራቸው አልቻልኩም፣ ፕሮጀክቱ ገና የሚመለስ ስለሆነ ከአንዱ ወገን ጋር ለብቻ ማውራት አይፈቀድም፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብቻ ብያቸው አለፍኩ። እስከዛሬ ይከነክነኛል። ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር ነበር፣ መሬት ላይ ያለው የንግድ ቦታ አንድ ረጅም መስታወት ሆኖ ለአንድ ትልቅ ድርጅት እንዳይሰራ፣ በትናንሽ ጠባብ ሱቆች እንዲከፋፈል፣ እያንዳንዱ የራሱ በር እንዲኖረው ጠየቅን፣ ሆነም። ግን እሳቸው አልተመለሱም፣ እንደብዙዎቹ የኛ ሰዎች ወደ ደቡብ፣ ኬንት ወደምትባለው ከተማ ነው የሄዱት፣ በር ጠበበ ማለት የአዲስ ህንፃ ኪራይ ረከሰ ማለት አይደለም። ይሄንን የምነግርሽ ቦርድ ገብተሽ የማህበረሰባችንን ችግር ትፈቻለሽ ብዬ እንዳላታልልሽ ነው። ስለ ዞኒንግና ስለ ርካሽ ቤት መከራከር ከፈለግሽ ቦታው ምክር ቤቱ ነው፣ በ2019 ዞኒንጉ ከፍ ተደርጎ ዴቨሎፐሮች ለርካሽ ቤት እንዲያዋጡ ሲወሰን የተወሰነው እዛ ነው።

ቦርዱን የሚተቹ ሰዎች አሉ፣ ቤት ያጓትታል ይላሉ፣ እውነት አላቸው። አንዴ ስለ ጡብ ቀለምና ስለ ባልኮኒ ብረት ተከራክረን ለሌላ ዙር ይመለስ ሲባል እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ ዛሬ ቢሆን አላወጣም፣ ያ ህንፃ በወራት ዘገየ ማለት በነዛ ወራት ቤት ያላገኘ ሰው አለ ማለት ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ያወጣው ህግ የመጣው ከዚህ ነው፣ መስፈርቱ ግልፅና የሚለካ እንዲሆን፣ ህዝብ የሚገኝበት ስብሰባም ከአንድ እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ እኔ የነገርኩሽ ሁለት ዙር የኔ ዘመን ነው፣ ከማመልከትሽ በፊት የከተማው ገፅ ላይ አሁን ያለውን አሰራር እዪ፣ ፕላነሮቹንም ደውለሽ ጠይቂ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

አሰሪሽን በተመለከተ፣ ሳታመለክቺ በፊት ንገሪው፣ በኢሜል ይሁን ፅሁፍ ይኑርሽ። ቢሮሽ የሰራው ፕሮጀክት ከመጣ ተነስተሽ ትወጫለሽ፣ ድምፅም አትሰጪም፣ ይሄ የተለመደ ነው ማንም አይቀየምሽም። የሚያጣላው የተደበቀ ሲሆን ነው። ሌላው ደግሞ ከሌሎቹ አባላት ጋር ስለ ፕሮጀክት በቴክስት እንዳታወሪ፣ አምስት ሆናችሁ ሶስታችሁ ከተነጋገራችሁ እኮ ስብሰባ ነው፣ የስቴቱ ህግ ደግሞ ስብሰባ በህዝብ ፊት ነው የሚለው። ጊዜውን እኔ ስቆጥረው በወር ሁለት ማታ ሚቲንግ አለ፣ ፓኬት ማንበብና ሳይት ሄዶ ማየት ሲጨመር ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አምስት ሰዓት ይወስድ ነበር፣ ህፃን ልጅ ካለሽ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ቢሮ ውስጥ አምስት ዓመት ብቀመጥ የማላየውን ያህል ፕሮጀክት አይቻለሁ፣ የሌላ ሰው ሴክሽን (ህንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ስዕል) በአስር ደቂቃ ማንበብ የተማርኩት እዛ ነው። ሌላ ጥቅም አልፈልግም ነበር።

አክሰንትሽን ግን ተይው እህቴ። እኔ ስጀምር ቶሎ ቶሎ ነበር የማወራው፣ ሰው ሳይሰማኝ እንዳይቀር ብዬ፣ ባሰብኝ። አንድ ሽማግሌ አባል ያሳየኝ ዘዴ አለ፣ መጀመሪያ የፓኬቱን ገፅ ቁጥር ትጠሪያለሽ፣ ሰው ሁሉ እስኪገልጥ ዝም ትያለሽ፣ ከዛ ጣትሽን ስዕሉ ላይ አድርገሽ አንድ ነገር ብቻ ትናገሪያለሽ። "ገፅ ሰላሳ አራት፣ ይሄ ደረጃ፣ በዝናብ ሰው የት ይቆማል?" በቃ። ሲያትል ዝናብ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ስብሰባዎቹን ኦንላይን መከታተል የሚቻል ከሆነ ሁለት ሶስቱን እዪና የምትኖሪበትን ሰፈር በውስጥ መስመር ፃፊልኝ፣ ማመልከቻሽን አብረን እናየዋለን።