መልስ፦ የድሮውን የጎርፍ ስሌት ይዞ ግድብ ማደስ ይበቃል?

ጠያቂያችን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ ማሳ ከጎርፍ ለመከላከል የተሠራን ግድብ በድሮው ስሌት ማደስ ይበቃል ወይ ብለዋል። በፍጹም አይበቃም። ከግድቡ ግርጌ ዛሬ መኖሪያ ቤቶች ካሉ የአደጋ ደረጃው ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ይለወጣል። ደረጃው የሚወሰነው በግድቡ ጥንካሬ ሳይሆን ቢደረመስ በሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃው ከፍተኛ ሲሆን፣ በአሜሪካ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት መስፈርት መሠረት የግድቡ አናት ከፍታ የሚፈተነው በአካባቢው ሊዘንብ ይችላል ተብሎ በሚሰላው የመጨረሻ ከባድ ዝናብ ነው። ይህን ጎርፍ በሣር የተሸፈነው የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ አብዛኛውን ጊዜ አይችለውም። ስፋቱን ብቻ አይመልከቱ፤ ሣሩ መሐል የከብት መሄጃ ቢኖር እንኳ ውሃው እዚያው ይሰበሰብና አፈሩን ይቦረቡራል፤ ጉድጓዱም ወደ ግድቡ ማጠራቀሚያ አቅጣጫ እያደገ ይሄዳል። ማስፋት ካልተቻለ በኮንክሪት መሥራት ወይም ግድቡን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል።

በስንት ዓመት አንዴ ይጠበቃል ተብለው የሚሰሉትን ዝናቦች መጠን ከእ.ኤ.አ. 1961ዱ የአሜሪካ የዝናብ ካርታ ሳይሆን እሱን ከተካው የዝናብ መጠን ሰነድ ከአትላስ 14 ይውሰዱ፤ የመጨረሻው ከባድ ዝናብ ግን ለብቻው ይሰላል። ደለሉንም አስቀድመው ያስለኩ፤ አብዛኞቹ እነዚህ ግድቦች የታቀዱት የ50 ዓመት ደለል እንዲይዙ ነበር።