ቤት ውስጥ የምትሰራ፣ ፀሐይ ላይ ኤረር የምትል ካሜራ ልግዛት ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ሀዋሳ ነው ያለችው፣ ፎቶ ማንሳት ልትጀምር ነው፣ መጀመሪያ ምርቃትና ልደት፣ እግዜር ካለ በኋላ ሰርግ። ብሯ የተቆጠረ ነው። አንድ ልጅ ያገለገለች ካነን 600ዲ ከነ 18-55 ኪት ሌንሷ (አብሯት የሚሸጠው ዙም ሌንስ) ሊሸጥላት ነው። ቤት ውስጥ ሞከረቻት፣ ሰራች። ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዳ ትልልቆቹን ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ ላንሳ ስትል ግን ስክሪኑ ላይ "ኤረር 01" ብሎ ቁጭ። ሻጩ "ፀሐይ አሙቋት ነው፣ ስትቀዘቅዝ ይለቃታል፣ ደግሞ 8 ሺህ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳችው" ብሏል። ጓደኛዋ ይቺን ተዪና በዚሁ ብር አዲስ ባለ 48 ሜጋፒክስል ግዢ ትላታለች። የሰፈሯ ሞባይል ጠጋኝ ደግሞ "አምጪያት ከፍቼ ልይልሽ" ብሏታል።

እህቴ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ማንም እንዳይከፍታት። ካሜራዋ አናት ላይ ብድግ የምትለዋ ፍላሽ ውስጥ ካፓሲተር አለላት፣ ወደ 300 ቮልት ይይዛል፣ ባትሪውን አውጥተሽም ቻርጁ ቶሎ አይለቅም። ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ስልክ የለመደ እጅ ሳይጠረጥር ነው ዘው የሚለው። ጠጋኙ ጎበዝ ይሆናል፣ ግን ይሄ የሱ ስራ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ። ሳላያት ልናገርና፣ ቦዲዋ (ያለ ሌንሱ ካሜራዋ ራሷ) ደህና ናት፣ የታመመው ሌንሱ ነው፣ ከሌንሱም የአፐርቸሩ ፍላት ኬብል። ሙቀት ምናምን አይደለም። "ቤት ውስጥ ትሰራለች ውጪ እምቢ ትላለች" ስትዪኝ ነው ልቤ እዛ የሄደው።

እዚህ ጋ ትንሽ ላርዝምብሽ፣ ምክንያቱም ይሄን የገባው ሰው ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ ቶሎ አይሸወድም። ሌንሱ ውስጥ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ የስስ ቅጠሎች ቀለበት አለ፣ አፐርቸር የምንለው እሱ ነው። ብዙ ሰው የአፐርቸሩን ቁጥር (የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ 8 ላይ ሲያደርገው ወዲያው የሚጠብ ይመስለዋል። አይጠብም! ዓይንሽን በምታስጠጊባት መስኮቷ ስታዪም ፎከስ ስታደርጊም ቅጠሎቹ ወለል ብለው ተከፍተው ነው የሚጠብቁት፣ አለዛ መስኮቷ ይጨልምብሻል፣ ፎከሱም ብርሃን ያንሰዋል። ቁልፉን ስትጫኚ፣ ውስጥ ያለው መስታወት ብድግ በሚልባት ቅጽበት ብቻ ነው ቅጠሎቹ ወዳዘዝሻቸው ቁጥር የሚጠቡት፣ ሻተሩ፣ ማለት ሴንሰሩ (ፎቶውን የሚይዘው ቺፕ) ፊት ያለው መጋረጃ፣ ተከፍቶ ይዘጋል፣ እነሱም ተመልሰው ይከፈታሉ። ይሄ ሁሉ "ቻክ" በምትለዋ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው። በካነን ኢኤፍ ሌንሶች፣ ማለት ከ1987 ጀምሮ፣ ቅጠሎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ሌንሱ ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ናት፣ ከቦዲው የሚገፋት ዘንግ የለም፣ ትዕዛዟ ሌንሱ ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ባሉት ወርቅማ ነጥቦች ገብቶ በቀጭን ፍላት ኬብል ነው የሚደርሳት። ኬብሏ ዙም ባደረግሽ ቁጥር ትታጠፋለች ትዘረጋለች፣ ዓመታት ሲሄዱ እጥፋቷ ላይ ትሰነጠቃለች።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ሆነ፣ ብርሃን ስላነሰ ካሜራዋ በአውቶ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታ አነሳች፣ ቅጠሎቹ ድሮም ክፍት ናቸው፣ መንቀሳቀስ አላስፈለጋቸውም፣ የተሰነጠቀችው ኬብልም ስራ አልታዘዘችም። ሀይቁ ዳር የስድስት ሰዓት ፀሐይ ሲመጣ ግን ካሜራዋ ወደ ኤፍ 8 ኤፍ 11 ጥበቡ ብላ አዘዘች፣ መልስ የለም፣ ኤረር 01። ቦዲና ሌንስ አልተግባቡም ማለት ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። መጀመሪያ ካሜራዋን አጥፍተሽ ሌንሱን ፍቺና ነጥቦቹን በንፁህ ደረቅ ጨርቅ ጥረጊያቸው፣ አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ይሆናል፣ ያኔ እልል በይ። በላጲስ እንዳትፈትጊ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ይገባል። ከዛ ሞዱን ኤቪ (የአፐርቸሩን ቁጥር አንቺ የምትመርጪበት)፣ ዙሙን 18፣ ቁጥሩን ኤፍ 3.5 አድርገሽ ፀሐይ ላይ ደጋግመሽ አንሺ። ከሰራች እዛው ቆመሽ ኤፍ 11 አድርጊና አንሺ። እዚህ ላይ ኤረር ካለች በቃ ተያዘች፣ ሙቀት የኤፍ ቁጥር አይመርጥማ! ኤፍ 11 ላይ እንዳለች ደግሞ ዙሙን 24፣ 35፣ 55 እያደረግሽ ሞክሪ፣ አንዱ ጋ ሰርታ ሌላው ጋ እምቢ ካለች ኬብሏ መሆኗን አትጠራጠሪ። ከሌንስ መፍቻው ቁልፍ በታች ያለችውን ትንሽ ቁልፍም ተጫኚያት፣ ደህና ሌንስ ከሆነ ቅጠሎቹ ሲጠቡ ከፊት ሆነሽ በዓይንሽ ታያለሽ።

ቀጥሎ ቦዲዋን በሌላ ደህና ሌንስ ሞክሪያት። ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱን ለአምስት ደቂቃ ለምኚ፣ ካነን ያለው አይጠፋም። የሻተሩን ፍጥነት 1/4000 አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፣ አንድ ጎኑ ላይ ጥቁር ባንድ ከመጣ ሻተሩ ደክሟል፣ ተያት። ኤፍ 16 ላይ ሰማይ አንሺ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፣ እሱ ይፀዳል፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ተጠቀሚበት። ይሄን በበሽተኛው ሌንስ መሞከር አትችዪም፣ አይጠብልሽማ። ስክሪኗን አዙሪ፣ አጣጥፊ፣ ብልጭ ድርግም ካለች የማጠፊያው ኬብል እየሄደ ነው።

8 ሺህ የሚለው ነገር አሳቀኝ። ልጁ የፋይሉን ስም አይቶ ነው የሚሆነው። ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፣ ስለዚህ 8 ሺህም 18 ሺህም 38 ሺህም ሊሆን ይችላል። ከሱ ይልቅ ብሎኖቹን እዪ፣ ካቻቢቴ የበላው ጭንቅላት ካየሽ አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶባታል። እኔ ጋ የሚመጡትን ብታዪ ታለቅሻለሽ፣ ኬብሉን በወፍራም በየዳ ጠግኖት ዙሙ አልዞር ያለ፣ ሱፐር ግሉ አፍስሶ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ያጣበቀ፣ የተረፉትን ሁለት ብሎኖች ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ አብሮ የሰጠ። ሳይነካካ ቢመጣ በኬብል ቅያሬ የሚያልቅ ነገር ነበር እኮ።

ጓደኛሽ ያለችው ባለ 48 ሜጋፒክስል... አልሳደብም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ሴንሰር የስልክ የሚያክል ነው፣ 48ቱም በሶፍትዌር የተነፋ ቁጥር ነው፣ ዙሙ ዲጂታል ነው፣ ሌንሱ አይቀየርም። 600ዲ የ2011 ካሜራ ናት፣ 18 ሜጋፒክስል ብቻ ናት፣ ግን ሴንሰሯ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው። እሷን ይዘሽ ተማሪያለሽ፣ በዛኛው ግን ከሁለት ወር በኋላ ወደ ስልክሽ ትመለሻለሽ።

እኔ ብሆን ቦዲዋን ብቻ እወስድና በቀረው ብር 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ሌንስ እፈልጋለሁ። ኪቱ 55 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው፣ 1.8 ከሱ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ ዙም ስለሌለውም እጥፋቷ ላይ የሚሰነጠቅ የዙም ኬብል የለበትም። ጉዱ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነው፣ በዚች ሴንሰር ላይ እንደ 80 ሚሊ ሌንስ አቅርቦ ስለሚያሳይ ለልደት ጀርባሽን ግድግዳ ትሰጫለሽ። የምርቃት ፎቶ ላይ ግን ትወጂዋለሽ። የሚሰራ 18-55 በኋላ በርካሽ ይገኛል። ኒከን ዲ3100 ካጋጠመሽም አትናቂያት፣ ግን ቦዲዋ የፎከስ ሞተር የላትም፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ሌንስ ካልሆነ በእጅሽ ነው ፎከስ የምታደርጊው።

ባትሪውን አውጥተሽ እዪው። ኦሪጅናሉ ኤልፒ-ኢ8 1120 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው የሚለው፣ እዛችው መጠን ላይ 2000 ምናምን የተፃፈበት ውሸቱን ነው። እነዚህ ርካሾች አብጠው ቤታቸው ውስጥ ይቀረቀራሉ። ካበጠና አልወጣ ካለ በካቻቢቴ እንዳትጎረጉሪው፣ ሊቲየም ይቃጠላል፣ ቦዲዋንም ለማስለቀቅ ብለሽ እንዳትከፍቻት፣ 300 ቮልቱን አልረሳሽውም አይደል? ባትሪ ተነቅሏል ማለት ቻርጅ የለም ማለት አይደለም።

ዋጋ አልፅፍልሽም፣ በየሳምንቱ ነው የሚቀያየረው። ግን ሻጩ ፊት ኤፍ 11ዱን ፈተና አሳይተሽው ሌንሱን በዜሮ ቁጠሪው፣ ሌንሱን እሱ ያስቀረው። በሙሉ ዋጋ ካልሆነ ካለ ተዪው፣ 600ዲ ሞልቷል። የራስሽን ሜሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ የሙከራ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አስፍተሽ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ፣ በሷ ስክሪን ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል።