ሚዛን፣ ሜትር እና አንድ ክር

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች ክብደት ናቸው። ጥቂቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ 32 ኪሎ። ቢኤምአዩን (ኪሎው በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር) ሳሰላው 18.9 መጣ። ጤናማ ነው ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ክብደቱ በዝቷል አለኝ። ማንን ልመን?

ሐኪሙን። ስሌትዎ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ያመሳከሩበት ሰንጠረዥ ነው። ከ18.5 እስከ 25 ያለው የአዋቂ ልክ ነው። የልጅ ሰውነት በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ የሚነበበው ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ 17.4ን ካለፈ ክብደቱ በዝቷል፣ 19.7ን ካለፈ ደግሞ ውፍረት አለው ይባላል። ይኸው 18.9 የ15 ዓመት ጎረምሳ ላይ ቢገኝ ማንም ነገሬ አይለውም።

ቁመቱን ግን ማን ለካው? ስሌቱ ውስጥ ቁመት በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ ስህተት ታድጋለች። ልጁ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ 127 ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ 19.8 ይሆናል። አንድ ግራም ሳይጨምር ውፍረት ውስጥ ገባ ማለት ነው! ጫማው ይውለቅ፣ ተረከዙና መቀመጫው ግድግዳ ይንካ፣ ፊት ለፊቱን ይይ። ሁለቴ ለክተው ካልገጠመ ሦስተኛ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሚዛን የለንም። በምን ልወቅ?

ክር ይበቃል። በማይለጠጥ ክር ልጁን ከተረከዝ እስከ አናት ለክተው ይቁረጡት። ለሁለት እኩል አጥፈው ወገቡ ላይ ያዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ በልጧል፤ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፤ ሚዛን ስብን ከጡንቻ አይለይም፣ ክሩ ግን ሆድ አካባቢ የተጠራቀመውን ይጠቁማል። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወገብ የሚባለው ቀበቶ የሚታሰርበት ነው?

አይደለም። በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መሀል ነው። ትንፋሹን አውጥቶ ሲጨርስ ይለካል። ሆድ መሳብ የለም (አባቶችንም ይመለከታል)።

ጥያቄ፦ ልጄ በሕፃንነቷ ድንቡሽቡሽ ያለች ነበረች። 4 ዓመት ሲሆናት ቀጠነች። ታማ ይሆን?

የምትበላና የምትጫወት ከሆነ፣ ቁመቷም እየጨመረ ከሆነ አይመስለኝም። ቢኤምአይ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እየወረደ ይሄድና 5 ወይም 6 ዓመት አካባቢ መልሶ መውጣት ይጀምራል። ይልቅ የሚያሳስበው ከዚያ በጣም ቀድሞ ከወጣ ነው።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሚዛን ላይ አልወጣም ብላ አኩርፋለች።

አያስገድዷት። ምናልባት አንድ ቀን ቁጥሯን ሰው ፊት ጮክ ብሎ ያነበበባት ይኖራል። ሐኪም ቤት ስትሄድ ለብቻዋ ትመዘን፤ ከፈለገች ጀርባዋን ለቁጥሩ ሰጥታ ትቁም። ባለሙያውንም አስቀድመው ሹክ ይበሉት። በጉርምስና መግቢያ ኪሎ መጨመር ያለ ነው፤ የሚታየውም በየጥቂት ወሩ የተለካው ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ ነው። ዛሬ ሳትመዘን ብትቀር የሚጎድል ነገር የለም።