ከኮስተር ኋላ መኪና አስከትሎ ለመጓዝ

ከሱሉልታ የጻፉልን ጠያቂ አሮጌ ኮስተራቸውን አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንከር አስገጥመው ከነቤተሰባቸው የሚያድሩበት መኪና እንዳደረጉት ይገልጻሉ። ላንጋኖ ደርሰው ኮስተሩን ካቆሙ በኋላ ለገበያና ለሽርሽር የሚወጡበት ትንሽ መኪና ከኋላ አስከትለው መሄድ ይፈልጋሉ። በግቢያቸው አንድ አውቶማቲክ ቪትዝና አንድ የድሮ ማኑዋል ሱዙኪ ቪታራ ስላለ፣ «ቪትዟ ቀላል ስለሆነች ኒውትራል አድርጌ ብጎትታት ምን ችግር አለው? መጎተቻውንስ ከኮስተሩ ፓራውልት ላይ ባስበይደው አይበቃም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ለሁለቱም ጥያቄ መልሴ «አይሆንም» ነው፤ ጉዞው ግን ይሆናል። ኮስተሩ የመጎተት ጉልበት አያንሰውም። ማሰብ የሚገባዎት ተጎታቿ መኪና አራት ጎማዋ እየተሽከረከረ 200 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ካምቢዮዋ ምን እንደሚሆንና ኮስተሩ ፍሬን ሲይዝ እሷን ማን እንደሚያቆማት ነው።

ከቪትዟ ልጀምር። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ አስፋልት ላይ ሲንከባለሉ በካምቢዮው ውስጥ ያሉ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች አብረው ይዞራሉ፤ ዘይት ግን አይደርሳቸውም። ማርሹን ኒውትራል ማድረግ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል እንጂ ካምቢዮውን ከጎማው አይለይም። ስለዚህ ቪትዟን መውሰድ ካለብዎት የፊት ጎማዎቿን ከመሬት አንስቶ በሚሸከም ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ መሆን አለበት። ከቪትዝ መካከልም በአራቱም ጎማ የሚነዱ ስላሉ፣ ከሥሯ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ እንዳላት ይመልከቱ፤ ካላት ጋሪውም አያድናትምና ይተዋት።

ቪታራው ግን ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችው አጭር የትራንስፈር ማርሽ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የምታከፋፍለው) «ኤን»፣ ማለትም ኒውትራል፣ የሚል ቦታ አላት። እዚያ ላይ ስትሆን የፊቱም የኋላውም ጎማ ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ይለያያል። በትክክል መግባቷን ለማረጋገጥ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መኪናው ንቅንቅ ካላለና ሞተሩም ካልጠፋ ደህና ገብታለች። ከዚያ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ዋናውን ማርሽ ሁለተኛ ላይ ይተዉ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙረው ይተዉት፣ የእጅ ፍሬኑንም ይልቀቁ። በዚያ የቁልፍ ደረጃ ላይ ሬዲዮው ባትሪውን ስለሚበላ ፊውዙን ይንቀሉት። የትራንስፈሩ ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል እንዲረጭ በየ300 ኪሎ ሜትሩ ሞተሩን አስነስቶ ለአንድ ደቂቃ ማሠራት ይገባል፤ የእርስዎ መንገድ ያን ያህል ባይረዝምም ባቱ ላይ ለሻይ ሲቆሙ ቢያደርጉት አይጎዳም። የቪታራዎ የራሱ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ የእኔን ትተው እሱን ይከተሉ።

የእጅ ፍሬኑን ነገር በቀላሉ እንዳያዩት። ከዓመታት በፊት ከሰበታ አንድ ፒክአፕ በአይሱዙ ስጎትት ፍሬኑን ሳልለቅ ተነሣሁ። አይሱዙው ጉልበታም ስለሆነ ምንም አልተሰማኝም፤ ጡሩምባ እየነፋ ደርሶ ጭሱን ያሳየኝ አንድ ባለባጃጅ ነው። ጎማውን ስፈታ ታምቡሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አምስት ኪሎ ሜትር ሄጄ እቆምና የአራቱንም ቸርኬ ሙቀት በእጄ ጀርባ እሞክራለሁ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው።

መጎተቻውን በተመለከተ፣ የኮስተር ፓራውልት ቆርቆሮ ነው፤ መኪና ቀርቶ ፍየል አላስርበትም። የመጎተቻው ብረት ከሁለቱም የሻንሲ (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አካል) ጎኖች ጋር መያያዝ አለበት፣ የሚያያዘውም በቡሎን እንጂ በብየዳ አይሁን፤ የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው አጠገብ ነው። ቡሎኖቹን ሲገዙ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር መቀረጹን ይመልከቱ፤ ምንም ያልተጻፈበትን አይቀበሉ። ቪታራውም የራሱ ሻንሲ ስላለው ከፊት የሚገጠመው ብረት እዚያው ላይ ይታሰራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ባለሁለት እግር ዘንግ ሲያያዝ ወደ አግድም የተጠጋ ይሁን፤ የኮስተሩ በኩል ከቪታራው ከሰባት ወይም ከስምንት ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ፣ ፍሬን ሲያዝ ቪታራው አፍንጫውን ከኮስተሩ ሥር ሊያስገባ ይፈልጋል። ከዘንጉ በታች ሁለት ሰንሰለት አመሳቅለው ይሰሩ፤ ዘንጉ ቢበጠስ መሬት ሳይነካ እንዲያርፍባቸው፣ ደግሞም ሲታጠፉ እንዳይወጠሩ ርዝመታቸውን ይለኩ። ገመድ ግን ለዚህ ጉዞ አይታሰብም፤ ገመድ የሚሠራው ከኋላ ፍሬን የሚይዝ ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቪታራውን ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገጡት፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ምክንያቱም ፔዳሉን የሚያቀልለው አየር የሚመጠጠው በሞተሩ ነው። ስለዚህ ከኋላ የሚከተልዎት ከ1,000 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ራሱን አያቆምም፤ ሁሉንም የሚሸከመው የኮስተሩ ፍሬን ነው። ኮስተሩ ደግሞ ሰውና አልጋ ብቻ ሳይሆን፣ ታንከሩ 200 ሊትር ከያዘ 200 ኪሎ ውኃ ጭኗል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው የማቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን በዚህ ላይ ይጨምሩበት። መፍትሔው ኮስተሩ ፍሬን ሲይዝ የቪታራውን ፔዳል የሚረግጥና መኪናው ከተለየም በገመድ ተስቦ ፍሬኑን የሚይዝ መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ ሳያስገጥሙ በፈጣኑ መንገድ (ኤክስፕረስዌይ) ላይ አይጎትቱ። የኮስተሩንም የፍሬን ዘይት ያስቀይሩ፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሲሆን፣ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፣ የፈላ ዘይትም ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል።

በዚህ ምክንያት ከሱሉልታ አያይዘው እንዳይነሡ እመክራለሁ። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለትና ከዚያ ወዲያ ያለው የከተማ ግርግር ለጀማሪ የመማሪያ ቦታ አይደለም። ባለቤትዎ ወይም ሌላ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቪታራውን ለብቻው እየነዳ ይከተልዎት፤ ከተማውን ካለፋችሁ በኋላ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጋችሁ አያይዙ። ለመጓዝ ካሰቡበት ቀን ከአንድ ሳምንት በፊትም እሑድ ማለዳ እዚያው መጥተው መታጠፍን ይለማመዱ። የኮስተር ጭራ ከኋላ ጎማው አልፎ ብዙ ስለሚወጣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ወደ ግራ ይጠርጋል፤ ቪታራው ደግሞ ማዕዘኑን ይቆርጣል።

ወደ ኋላ መሄድን ግን አይለማመዱ፤ አይቻልምና። የቪታራው የፊት ጎማዎች በራሳቸው ጥግ ድረስ ይታጠፉና ዘንጉን ያጣምማሉ። ነዳጅ ማደያ ከመግባትዎ በፊት በየት እንደሚወጡ ይመልከቱ፤ መውጫ ካጡም ቪታራውን ከመፍታት ሌላ መንገድ የለም።

የፍሬቻና የስቶፕ መብራት ሽቦ ከኮስተሩ ወደ ቪታራው ሲዘረጋ፣ ኤሌክትሪሲያኑ ኃይሉ ወደ ኮስተሩ እንዳይመለስ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያስገባበት። የኢንሹራንስ ውልዎ ተጎታች መኪናን እንደሚጨምርም በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡም ስለ መጎተቻው ብረት አስቀድመው ይጠይቁ።

ላንጋኖ ሲደርሱ አሸዋው ውስጥ ሳይገቡ፣ መኪኖቹ በአንድ መስመር ቀጥ ብለው በቆሙበት ጠንካራ መሬት ላይ ይፍቱ፤ ዘንጉ ተጠምዝዞ ከቆመ ፒኑ በመዶሻም አይወጣም። ፒኑን ከመንቀልዎ በፊት የቪታራውን የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከጎማውም ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ትራንስፈሩ «ኤን» ላይ እስካለ ድረስ ማርሽ ውስጥ መሆኑ መኪናውን አይይዘውም፤ ልጆችም ከፊቱ እንዳይቆሙ ያድርጉ።