ለዕለት ጸሎት የትኛው የአንግሊካን መጽሐፍ ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እንግሊዝ አገር ከባለቤትሽ ጋር አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምረሻል። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ የምትጸልዪበት መጽሐፍ ልትገዢ ብለሽ 1662፣ 1979፣ 2019 ሲሉሽ ዞረብሽ። ሦስቱም «ቡክ ኦፍ ኮመን ፕሬየር» የሚባለው የአንግሊካኖች የጸሎት መጽሐፍ እትሞች ናቸው፤ ቁጥሮቹ የወጡባቸው ዓመቶች ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔ መጀመሪያ አሜሪካ፣ አሁን ደግሞ ለንደን ሆኜ ከአንዱ ወደ ሌላው እያልኩ ጸልዬባቸዋለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ እንግሊዝኛው ነው። የድሮው ያምራል፣ የአሁኑ ይገባል ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይመስለኝም። መጽሐፉን ስትገልጪ መጀመሪያ መዝሙረ ዳዊት እንዴት እንደተከፋፈለ እዪ። ቀጥሎ የንባቡን ሰሌዳ፣ እኛ ግጻዌ የምንለውን እዪ። ሌላው ጸሎት ስለሚደጋገም ብዙም ሳትቆዪ በቃልሽ ትይዢዋለሽ። በየቀኑ አዲስ ሆኖ የሚጠብቅሽ መዝሙሩና ንባቡ ነው።

በ1662ቱ ልጀምር። እንግሊዝ ውስጥ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ሥሩ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው የቶማስ ክራንመር ሥራ ነው። ክራንመር በ1549 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ መነኮሳቱ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያደርሱትን የሰዓታት ጸሎት ወደ ጠዋትና ማታ ጠቅልሎ፣ ከላቲን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ አመጣው። በ1662ቱ 150ው መዝሙር በ30 ቀን ያልቃል። እኛ ዳዊትን በሳምንቱ ቀናት ከፍለን እንደምንደግመው፣ እነሱ በወሩ ቀናት ከፍለውታል። ዛሬ 12 ከሆነ የ12ን ትከፍቻለሽ፣ አለቀ። ወሩ 31 ቀን ካለው የ30ኛውን ትደግሚያለሽ። አንዳንዱ ቀን ግን ከባድ ነው። የ15ኛው ቀን ማታ መዝሙር 78 ብቻውን ነው፤ ከ70 ቁጥር በላይ አለው። ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ እሱ ሲጠብቅሽ ታማርሪያለሽ፤ እኔ አማርራለሁ።

ዳዊት እየሰማሽ ካደግሽ ደግሞ እንግዳ አይሆንብሽም። የጠዋቱ ጸሎት ውስጥ የዘካርያስ ጸሎት አለ። የማታው ውስጥ የእመቤታችን «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» እና የስምዖን ጸሎት አሉ። ከዳዊታችን መጨረሻ፣ ከጸሎተ ነቢያት ጋር የምናውቃቸው ናቸው። እኔን ከዚህ መጽሐፍ ጋር ያላመደኝ ይሄ ነው።

ለብቻሽ ስትጸልዪ ከኑዛዜው ቀጥሎ ያለውን የሥርየት ቃል ዝለዪው፤ የካህን ድርሻ ነው። ብዙ ሰው በእሱ ፋንታ ከእነሱ የሥላሴ በዓል በኋላ ያለውን የ21ኛውን እሑድ ጸሎት ይላል፤ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

የ1979ኙ ኤጲስቆጶሳውያን የሚባሉት የአሜሪካ አንግሊካኖች ነው። በአንድ ጥራዝ የድሮውንም የአሁኑንም እንግሊዝኛ ይዟል። የቀትርና የመኝታ ጸሎት አለው፤ 1662ቱ ላይ እነዚህ የሉም። የምወድለት አንድ ነገር ለግለሰብና ለቤተሰብ ተብለው የተዘጋጁትን አጫጭር ጸሎቶች ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ገደማ ናቸው። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ለሚሮጥ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ንባቡ በሁለት ዓመት ይዞራል፤ መዝሙሩ በሰባት ሳምንት፣ ካልሽም በ30 ቀን።

የ2019ኙን ያወጣው ከዚያው አገር ሌላው የአንግሊካን ቡድን ነው። መዝሙሩን በ30 ወይም በ60 ቀን ትጨርሺዋለሽ፤ 60ው ለጀማሪ ይመቻል። በነጻ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች ግን አይስማሙም፤ የትኛውን እንደያዝሽ አይቶ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ሊያጋጥምሽ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ማንም ግድ አይሰጠው።

አሁን አጥቢያሽ የሚጠቀምበት ምናልባት «ኮመን ዎርሺፕ» የሚሉት አዲሱ የጸሎት መጻሕፍት ስብስብ ነው። የዕለት ጸሎቱ ጥራዝ በ2005 ወጣ። በጣም ያምራል፤ ግን ወፍራም ነው፣ ጸሎቱም በሳምንቱ ቀንና በወቅቱ ይለዋወጣል። የንባቡ ሰሌዳ ደግሞ በየዓመቱ ለብቻው ይታተማል። ለጀማሪ ገጽ ማገላበጥ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ እሱን አትግዢ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ነጻ አፕ አላት፤ የዕለቱን ሁሉ ደርድሮ ይሰጥሻል።

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ኮመን ዎርሺፕ የሚሄደው በፈረንጆቹ ጾምና በዓል ነው። በ2024 የእነሱ ፋሲካ ማርች 31 ነበር፣ የእኛ ሜይ 5። እናትሽ ቤት ሁዳዴ እየተጾመ አንቺ ከአንድ ወር በላይ ሃሌ ሉያ ስትዪ ትከርሚያለሽ። በ2025 አንድ ቀን ዋለ፣ ተገላገልን። የ1662ቱ መዝሙር ግን እንደ ፋሲካ ካሉ ጥቂት ቀናት በቀር የወሩን ቀን ስለሚከተል ይሄ ብዙም አይነካውም። የመጀመሪያው የንባብ ሰሌዳውም ጃንዋሪ ሲገባ ከዘፍጥረት ተነስቶ በቀን ይሄዳል። የኋላ ኅትመቶች ሌላ ሰሌዳ ስለሚጨምሩ ስትገዢ ጠይቂ።

ንባቡን በአማርኛ ማንበብ ትችያለሽ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። እንደ ሲራክ ካሉ መጻሕፍት የሚነበብባቸው ቀናት ስላሉ 81ዱ ያለበትን መጽሐፍ ቅዱስ ያዢ። መዝሙሩን ከግእዙ ዳዊት ልከተል ካልሽ ደግሞ ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ያንሳል። እነሱ 23 የሚሉት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊቱ 22 ነው።

እኔ ብሆን የ1662ቱን ያገለገለ ቅጂ ገዝቼ የማታውን ብቻ እጀምር ነበር፤ ጠዋት ለሚያጣድፍሽ አፑ ይበቃል። የኪስ መጠን ያለውን አትውሰጂ፣ ፊደሉ ዓይን ይፈጃል። ሁለት ሪባን ያለውን ፈልጊ፤ አንዱን ጸሎቱ ላይ፣ አንዱን መዝሙሩ ላይ ታደርጊዋለሽ።